ለሃያ ሁለት ቤት የተማረችው ቋንቋ

ኦዳሊን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ባሕር አጠገብ ረግረጉን አቋርጦ በሚያልፈው ዝግተኛ ወንዝ፣ በባዩ ፔልቶ ዳር፣ የክርስትና አባት ፓራን ይባላል፤ እሷም አፏን ከፈታች ጀምሮ የምትጠራኝ እንደዚያ ነው። ስሜ ኦዜም ነው፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነበርኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ከደጇ አንስቼ ከሰዓት እዚያው መልሻታለሁ፤ ስለዚህ ስለ እሷ የምናገረውን አብዛኛውን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ያሳደጓት የእናቷ አባት አልሲድ ናቸው። እናቷ ባሕር ላይ ባለ የነዳጅ ማውጫ ወጥ ቤት ነበር የምትሠራው፤ አሥራ አራት ቀን እዚያ፣ አሥራ አራት ቀን እቤት። አባትየው ቴክሳስ እንደሄደ ቀረ። አልሲድ ሽሪምፕ አጥማጅ ነበሩ፤ ጀልባቸውን በገዛ እጃቸው የሠሩ፣ ቁጥብ ሰው። ቤታቸው እንደ ሁላችንም ቤት በረጃጅም ቋሚዎች ላይ የቆመ ነው፤ ማዕበል ሲመጣ ውሃው በሥር እንዲያልፍ።

እኔና አልሲድ ስንገናኝ የምናወራው በፈረንሳይኛ ነው። የቅድመ አያቶቻችን ቋንቋ ነው፤ ከሌላ ቦታ አልተማርነውም። ኦዳሊ ከገባች ግን አልሲድ ወሬያቸውን ቆርጠው በእንግሊዝኛ ይቀጥላሉ።

«ትስማ እንጂ፣ ምን ይጎዳታል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እኔን ምን ጠቀመኝ?» አሉ።

ሰባት ዓመታቸው ላይ ትምህርት ቤት ሲገቡ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አያውቁም ነበር። ሽንት ቤት ለመሄድ በሚያውቁት ቋንቋ ጠየቁ። አስተማሪዋ የበቆሎ ፍሬ መሬት ላይ በትና አንበረከከቻቸው፤ እዚያው ሱሪያቸው ላይ ሸኑ። ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መረብ እየጠገኑ፣ ፊቴን ሳያዩ። «በእኔ ይብቃ» አሉ። እኔም በራሴ ልጆች ያደረግሁት ይህንኑ ስለሆነ ልፈርድባቸው አልችልም።

ኦዳሊ ልቧ ወደ ቁጥር ነበር። አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ ትልቅ ማዕበል መታን። ውሃው ሲሸሽ የአያቷን ሜትር ይዛ ከቤት ቤት እየዞረች በየቋሚው ላይ ጭቃው የደረሰበትን ለካች። አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጣ ደብተሯን ታነብልኝ ነበር።

«ፓራን፣ የሚስተር ክሊዮፋ ቤት ከእኛ ቤት በክንድ ዝቅ እንደሚል ታውቃለህ?»

«እሱም ራሱ ከሁላችንም በክንድ ዝቅ ይላል፤ ምን ይደንቃል?» አልኳት።

አልሳቀችም። «ቀጥሎ የሚገባበት ውሃ እዚህ ይደርሳል» ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ጊዜው ደርሶ በመኪና ሁለት ሰዓት የሚርቅ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ሲቪል ምህንድስና። ሦስተኛ ዓመት ላይ ስትደርስ ደወለችልኝ።

«ማይነር ምረጪ እያሉኝ ነው» አለች።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከዋናው ትምህርት ጎን የሚያዝ ትንሽ ትምህርት ነው፤ ስድስት ኮርስ። ጓደኞቼ ግማሹ ንግድ፣ ግማሹ ሒሳብ እያሉ ነው። አማካሪዬ ዶክተር ሃስከል የግንባታ አስተዳደር ያዢ ብሎኛል። ቀጣሪዎች የሚወዱት እሱን ነው አለኝ።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«የሚጠቅመውን ነው የምይዘው። ቅጹን ሞልቼዋለሁ፤ መፈረም ብቻ ነው የቀረኝ።»

አልሲድን ስትሮክ የመታቸው በዚያው ወር ነው። ጀልባቸው ላይ ወድቀው ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። ቀኝ እጃቸው ሰለለ፤ እግራቸው ግን ቀስ በቀስ ተመለሰ። ንግግራቸውም ተመለሰ፤ በፈረንሳይኛ ብቻ። እንግሊዝኛው ታጥቦ ሄደ። ሐኪሙ፣ በኋላ የመጣ ቋንቋ አንዳንዴ ቀድሞ ይሄዳል ብሎ አስረዳን።

ኦዳሊ ለምስጋና በዓል ስትመጣ አያቷ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሮጣ ተንበርክካ ጉልበታቸውን አቀፈች። አዩዋት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ምን አሉ?» አለችኝ።

«እንኳን መጣሽ ነው የሚሉሽ» አልኳት።

በዓሉ እንዲሁ አለፈ። አያቷ ይናገራሉ፣ እሷ አፋቸውን ታያለች፣ ከዚያ እኔን ታያለች። እናቷም የምታውቀው የስድብና የምግብ ስም ብቻ ስለነበር አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ እኔ ወደ ቤቴ ስሄድ ተከትላኝ ወጣች።

«ሃያ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ዛሬ ውሃ ሲጠሙ አላውቅላቸውም» አለች።

ሰኞ ተመልሳ ቅጹን ወደ ፈረንሳይኛ ቀየረች። ዶክተር ሃስከል ጠራት። የተባባሉትን እሷው ናት የነገረችኝ።

«እስቲ ልጠይቅሽ ኦዳሊ፤ ግድብ በፈረንሳይኛ ይቆማል?»

«አይቆምም።»

«ታዲያ?»

«ለአያቴ ነው።»

«አያትሽ እኮ አይቀጥሩሽም።»

«አይቀጥሩኝም» አለች። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ራሱን እየነቀነቀ ፈረመላት።

እናቷ ግን ከባሕር እንደተመለሰች ስልኩን አንስታ ጮኸችባት፤ እኔ ደጅ ቆሜ እሰማ ነበር። «አባቴ ያን ቋንቋ ይዘው ዕድሜ ልካቸውን መረብ ጎተቱ! አንቺን ከመረቡ ላወጣሽ ብዬ እዚያ ብረት ላይ ለሰማንያ ወንድ እጠብሳለሁ፤ አንቺ ተመልሰሽ ትገቢበታለሽ?»

የፈረንሳይኛ አስተማሪዋ ከቤልጅግ የመጣች ጥብቅ ሴት ነበረች። ኦዳሊ የመጀመሪያው ድርሰቷ ላይ ሽሪምፕን እኛ እንደምንጠራው «ሸቭሬት» ብላ ጻፈች፤ ከቤት የቀራት ቃል እሱ ነበር። ሴትዮዋ በቀይ አስምራ «እንዲህ ያለ ቃል የለም» ብላ ጻፈችበት።

«ፓራን፣ የለም የተባለውን ስንበላ ነው እንዴ ያደግነው?» አለችኝ በስልክ። በዚያ የትምህርት ዓመት ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በየካቲት ግን ሌላ ስልክ መጣ። ሰላምታም አልሰጠችኝም።

«በዚያ በዓል በረንዳው ላይ አያቴ የጠየቁህ፣ ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ዛሬ ክፍል ውስጥ ተማርነው። ‹ይቺ ልጅ ማናት?› ነው ያሉህ፤ አይደል?»

ስልኩን ከአንዱ ጆሮዬ ወደ ሌላው አዛወርኩት።

«አይደል ፓራን?»

«ነው» አልኳት።

«እሺ» ብላ ዘጋችው።

በክረምቱ ዕረፍት መጣች። ፊታቸው ተቀመጠችና የተማረችውን ተናገረች፤ ጥርት ያለ፣ እንደ ጳጳስ ስብከት የተስተካከለ ፈረንሳይኛ። አልሲድ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እርስዎ ከሆስፒታል ነዎት?» አሏት። እኔ ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ግን ወጥ ቤት ገብታ ብዙ ቆየች። ለሳምንታት እንግዳ ሐኪም እንደመጣባቸው ሁሉ «እርስዎ» ይሏት ነበር። የቀረበላቸውን ሳህን እንኳ «አመሰግናለሁ፣ እርስዎን አስቸገርኩ» እያሉ ነው የሚቀበሏት።

ከሰዓት በኋላ እኔ ጋ ትመጣለች። «ያንን ቃል ጣይው፤ እኛ እንዲህ ነው የምንለው» እላታለሁ። «ይሄንንም ልጥለው? ከፍዬ እኮ ነው የተማርኩት» ትለኛለች። ምላሷ እየላላ ሄደ። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን አውቶቡሱን ሳጥብ መጣችና ጎማው አጠገብ ቆመች።

«አንቺ አሉኝ» አለች።

«ምን ብለው?»

«‹አንቺ ልጅ፣ በሩን ዝጊው፤ ትንኝ ታስገቢያለሽ።›»

ፊቷን አዞረች። እኔም ማጠቤን ቀጠልኩ።

ስሟን አስታውሰዋል ወይ ብትሉኝ አላውቅም። አንዳንድ ቀን እናቷን ያደርጓታል፣ አንዳንድ ቀን የሞተች እህታቸውን። ግን የቤት ሰው ሆነች። አባታቸው ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ዛጎል እንዴት ይለቅሙ እንደነበር፣ ባዩው ድሮ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር፣ ከብት የሚግጥበት መሬት አሁን ጀልባ የሚሄድበት ውሃ እንደሆነ ነገሯት። ሁሉንም እንደ ልጅነቷ በደብተር ያዘችው።

ተመርቃ በወሩ ሥራ አገኘች። የጎርፍ መከላከያ ግድብ የሚነድፍ ድርጅት ነው፤ አለቃዋ ትራስክ የሚባል ረጅም ሰው። ማመልከቻዋን ሲያይ ጣቱ የቆመው መጨረሻው መስመር ላይ ነው አለችኝ። «ፈረንሳይኛ? የታች ባዩውን ፈረንሳይኛ ትችያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። እችላለሁ አለች። እናቷ ይህን ስትሰማ ኬክ ጋገረች። ባዩው ዳር ያለን ሁሉ ደስ አለን፤ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ለሚመጣብን ባሕር ከእኛ አንዷ ግድብ ልትሠራ ነው ብለን። በቤተ ክርስቲያን ስሟ ተጠርቶ ተጨበጨበላት።

ሁለት ዓመት አፈር ስትመረምር ቆየች። መሰርሰሪያ ይዘው ከባዩው ግራና ቀኝ መሬቱን ወግተው ናሙና ያወጣሉ፤ እሷ ምን ያህል ክብደት እንደሚችል ታሰላለች። መስመሩ የት እንደሚያልፍ ስንጠይቃት «ገና ነው» ትለናለች። እየከሳች ሄደች። ሥራ በዝቶባት ነው አልን።

የመስመሩ ውሳኔ በደብዳቤ መጣ፤ በሕግና በምህንድስና ቃላት የታጨቀ ረጅም እንግሊዝኛ ነው። ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ሽማግሌዎቹ ከኋላ ተቀምጠው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰምተው ወጡ፤ እንግሊዝኛ የምችለውን እኔን ጨምሮ አንድም ሰው የገባው አልነበረም። ተነግሮናል ብለው ወረቀቱ ላይ መፈረም ስለነበረባቸው ድርጅቱ ሰው ሲልክ በር የሚከፍት ጠፋ። ያን ጊዜ ነው ትራስክ ኦዳሊን የጠራት። «ለዚህ ነው የቀጠርኩሽ» አላት።

ሃያ ሁለት ቤት ነበር። እኔ ዘጠነኛው ነበርኩ። ጠዋት መጣች፤ የሥራ ጫማ፣ ክንዷ ሥር ማህደር። ቡና ቀዳሁላት፤ አልነካችውም። በፈረንሳይኛ ጀመረች።

«ፓራን፣ ግድቡ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተሰሜን ነው የሚያልፈው።»

«በስተሰሜን?»

«አዎ።»

«እኛስ?»

«ውጭ ነን፤ በባሕሩ በኩል።»

ስኒዬን አስቀመጥኩ።

«ለምን ወደ ታች አይስቡትም?»

«አፈሩ አይችልም። ከሥር ያለው እንደ ገንፎ ነው። ግድብ ቢጫንበት በአምስት ዓመት ይሰምጣል፤ ሌሎቹንም ይዞ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«እኔ ነኝ ያሰላሁት» አለች። «ስህተት ላገኝበት ብዬ ሦስት ጊዜ አሰላሁት። አላገኘሁም።»

ፈረምኩላት። ምን ላድርግ? የክርስትና ልጄን አውቃታለሁ፤ በቁጥር አትዋሽም። ስትወጣ ግን እንደ ሌላው ቀን እስከ ደረጃው አልሸኘኋትም። ዛሬም ይቆጨኛል።

ማዳም ኤቬሊያ፣ የሰማንያ ስምንት ዓመት መበለት፣ የኦዳሊን እጅ ይዛ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። ከዚያ እንዲህ አለቻት፦ «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ክፉ ወሬ የሚመጣብኝ በእንግሊዝኛ ነበር። አልገባኝም እላለሁ፤ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ፤ እንቅልፌንም እተኛለሁ። ዛሬ አንቺ አልገባኝም የምልበትን አሳጣሽኝ።» ከዚያ ብርቱካን ሰጠቻት።

ክሊዮፋ ግን በሩ ላይ አቁሟታል። «ሂጂ ተማሪ ብለን ላክንሽ። ምላሳችንን ተምረሽ መጥተሽ በምላሳችን አረድሽን» አላት። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ኦዳሊ ወረቀቱን ደረጃው ላይ ድንጋይ ጭናበት ሄደች። በዚያ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የተቀመጠችበት አግዳሚ ወንበር ላይ እኔና እናቷ ብቻ ነበርን።

የአያቷን ቤት መጨረሻ አደረገችው። አብሬያት ሄድኩ፤ እሷ ናት የለመነችኝ። አልሲድ ከሞላ ጎደል አእምሯቸው የጠራበት ቀን ነበር። እግራቸው ሥር ተቀምጣ ነገረቻቸው፤ ስለ አፈሩ፣ ስለ መስመሩ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት ከዚህ መነሳት እንዳለባቸው። ዓይናቸው ውሃው ላይ ነበር።

«መስመሩን ማን አሰመረው?» አሉ።

«እኛ ነን፣ ፔፔር። እኔም አለሁበት።»

ፔፔር በእኛ አያት ማለት ነው።

«ቀጥ ያለ ነው?»

«ቀጥ ያለ ነው።»

«ጥሩ» አሉ። «ጠማማ ከሆነ ውሃ ይበላዋል።» ከዚያ ጤነኛ እጃቸውን ራሷ ላይ አሳርፈው ቆዩ፤ የተነገራቸው ምን ያህል እንደገባቸው እግዜር ይወቅ። ወደ መኪናው ስንመለስ ኦዳሊ ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። መንዳት አልቻለችም።

ግድቡ በአራት ዓመት አለቀ። በስድስተኛው ዓመት ማዕበል መጣ፤ ውሃው ግድቡን ገጭቶ የሚሄድበት ሲያጣ በእኛ በኩል ተቆለለ፤ እንደዚያ ከፍ ብሎ አይተነው አናውቅም። ይህንንም ቀድማ ነግራን ነበር። ከሃያ ሁለቱ ቤቶች ዛሬ የቆሙት ስድስት ናቸው፤ ሰው ያለባቸው ሁለት። የእኔ አውቶቡስ ሠላሳ አንድ ልጅ ይጭን ነበር፤ ባቆምኩበት ዓመት ሰባት ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ።

አልሲድ ማዕበሉን አላዩም። ከግድቡ በስተሰሜን ባለ ከተማ የአረጋውያን ቤት ገብተው ነበር። ነርሶቹ ደጎች ነበሩ፤ ግን ቋንቋቸውን የሚያውቅ አልነበረም። ኦዳሊ አልጋቸው በላይ ወረቀት ለጠፈች፤ ውሃ፣ ሕመም፣ ብርድ፣ መስኮት፣ እያንዳንዱ አጠራሩ ከነትርጉሙ። እሁድ እሁድ ትሄድ ነበር። የሞቱት ማክሰኞ ቀን ነው፤ እሷ ሥራ ላይ ነበረች። የቀብሩ ዕለት ክሊዮፋ መጥቶ ሬሳውን ተሸከመ፤ ለእሷ ግን እጁን አልሰጣትም።

ከዚያ በኋላ ድርጅቱን ለቀቀች። አሁን በክፍለ ግዛቱ ሰሜን በኩል ድልድይ ትሠራለች፤ ጥድ ብቻ ያለበት አገር ነው፤ የባሕር ውሃ አይገባበትም፣ አይወጣበትም። አላገባችም። ስደውልላት በፈረንሳይኛ እጀምራለሁ፤ ጥቂት ትመልስልኛለች፣ ከዚያ «ደክሞኛል ፓራን» ትላለች።

ባለፈው መኸር የተማረችበት ዩኒቨርሲቲ ጠራት። ለሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎች ስለ ማይነር አመራረጥ የሚናገሩ የቀድሞ ተማሪዎች ተሰብስበው ነበር። ብቻዬን አልገባም ብላ ወሰደችኝ፤ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከእሷ በፊት የተናገሩት ሁለቱ፣ አንዱ ንግድ ተምሮ የራሱን ድርጅት ከፍቷል፤ አንዷ ኮምፒውተር። ደስ የሚል ነገር ተናገሩ፤ ተማሪው ይጽፋል። ተራዋ ሲደርስ ተነሳች።

«ፈረንሳይኛ ነው የተማርኩት» አለች። «ጠቅሞኛል። ሥራ ያገኘሁት በእሱ ነው። አያቴን ያወቅኋቸውም በእሱ ነው። ሥራዬ ግን ምን እንደሚሆን ስመርጥ አላወቅሁም ነበር።» ስለ ሃያ ሁለቱ ቤቶች በአጭሩ ነገረቻቸው። መጻፋቸውን አቆሙ።

አንዲት መነጽር ያደረገች ተማሪ እጇን አነሳች። «ብታውቂ ኖሮ ሌላ ትመርጪ ነበር?»

አወያዩ ሰዓቱን አየ።

«ወደ እነዚያ ቤቶች እኔ ባልሄድ ሌላ ሰው ይሄድ ነበር፤ በእንግሊዝኛ» አለች ኦዳሊ። «የቱ ይሻላቸው እንደነበር ጠይቄያቸው አላውቅም። ፈርቼ ነው።»

ከዚያ ተቀመጠች። ጭብጨባው ቀዝቃዛ ነበር። አወያዩ አመስግኖ ወደ ቀጣዩ ተናጋሪ አለፈ።

ወጥተን ከመንገድ ዳር ጋምቦ በላን፤ ወጡ ቀጥኗል አለች፤ እኔም ቀጥኗል አልኩ። ዝናብ ጀመረ። ከግድቡ በስተሰሜን፣ አሁን በምኖርበት በልጄ ቤት አወረደችኝና ወደ ሰሜን ተመለሰች፤ በማግስቱ ጠዋት ሥራ ነበረባት።